የይለፍ ቃሉ ትክክል ነበር

እሑድ ለሰኞ አጥቢያ፣ ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት አካባቢ ነው። ባሕር ዳር፣ አባይ ማዶ ባለችው ቤቴ፣ ከሩቅ ከሚሰማ የውሻ ጩኸት በቀር ሁሉም ጸጥ ባለበት ሰዓት፣ ላፕቶፔ ፊት ተቀምጬ ለስንተኛ ጊዜ እንደሆነ እንጃ የይለፍ ቃሌን እጽፋለሁ። ስክሪኑ ለሁለት ሰከንድ ያህል ይጠቁራል፤ እኔም በልቤ «ገባ!» እላለሁ፤ ከዚያ ያው መግቢያ ገጽ፣ ያው ስሜ፣ ያው ባዶ ሳጥን ተመልሶ ይመጣል። ተሳስተሃል አላለኝም፤ ምን እንደጎደለም አልነገረኝም። በፊት በር «ግባ» ብሎ ተቀብሎ በጓሮ በር መልሶ የሚያስወጣ ባለቤት ያለበት ቤት ይመስል ነበር።

በዩኒቨርሲቲው ፔዳ ግቢ አካባቢ አነስተኛ የጽሕፈትና የኅትመት ቤት አለኝ። ሥራዬ በአብዛኛው የተማሪ ሥራ ነው፤ የመመረቂያ ጽሑፍ እተይባለሁ፣ ማውጫና የገጽ ቁጥር አስተካክላለሁ፣ አትሜ እጠርዛለሁ። የአንድ ተማሪ ጽሑፍ ከአምስት እስከ አሥር ቅጂ ይኖረዋል፤ «ፋይናል» የሚል፣ «ፋይናል ሁለት» የሚል፣ «አማካሪ ያየው ፋይናል» የሚል፣ «ይሄኛው ነው» የሚል። የትኛው የእውነት የመጨረሻው እንደሆነ ልጆቹ ራሳቸው ይረሱታል። እኔን የሚያድነኝ ከፋይሉ ስም አጠገብ የሚቀመጠው ቀን ነው። ፎልደሩን በቀን አሰልፌ ከላይ የሚመጣውን እከፍታለሁ፤ ለዓመታት እንጀራ የበላሁት በዚህ ልማድ ነው። ይህን ነገር አንባቢ ያዝ ያድርግልኝ፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

ላፕቶፑ የሚሠራው በዊንዶውስ ሳይሆን ሊኑክስ ሚንት በሚባል ሲስተም ነው። ወደ ሊኑክስ የገባሁት በፍልስፍና ተስቤ ሳይሆን በፍላሽ ተማርሬ ነው። የኅትመት ቤት ያለው ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው፣ በቀን ሠላሳ አርባ ፍላሽ የሚሰካበት ኮምፒውተር ፎልደሩን ሁሉ ሾርትከት በሚያደርገው ቫይረስ ሳይለከፍ አንድ ሳምንት አይውልም። ሊኑክስ ላይ ያ ቫይረስ አይነሣም፤ የተማሪዬን ፍላሽ ከፍቼ የተደበቀውን ፋይል አውጥቼ እሰጣለሁ፣ ሻይዬንም እጠጣለሁ። በዚህ ምክንያት የገባሁበትን ነገር ወድጄው ቀረሁ።

ሲጫን ግን ዲስኩን የከፈልኩት በሩቁ ሳላስብ ነበር። ለሲስተሙ ማለትም «ሩት» ለሚባለው ክፍል 30 ጊጋባይት፣ የራሴ ፋይሎች ለሚቀመጡበት «ሆም» ለሚባለው ክፍል ደግሞ 180 ያህል ሰጠሁ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት 30 የሚበቃ ነበር። ነገር ግን ሚንት «ታይምሺፍት» የሚባል፣ የሲስተሙን መልክ በየጊዜው እየቀዳ የሚያስቀምጥ ፕሮግራም አለው፤ እኔ አብርቼው ረሳሁት። በላዩ ላይ የቆዩ ከርነሎች፣ ማለትም የሲስተሙ እምብርት የድሮ ቅጂዎች፣ ሲጠራቀሙ፣ ፕሮግራም ሲጨመር፣ አንድ ቀን በቀኝ በኩል «ቦታ አልቋል» የሚል ማስጠንቀቂያ ብቅ አለ። የቆዩትን ብሰርዝ ለወራት እፎይ እል ነበር። ሆኖም ያን ጊዜ ሥራ የቀዘቀዘበት ሳምንት ነበረና፣ «እስቲ አንዴ ከሥሩ ላስተካክለው» አልኩ። አሁን ሳስበው፣ የሚሠራ ነገር ላይ እጅን የሚያስከትተው ብዙ ጊዜ ሥራ መፍታት ነው።

ዲስኩ ላይ ሩትና ሆም ጎን ለጎን ናቸው፤ ሩት በስተግራ፣ ሆም በስተቀኝ። ሩትን ለማስፋት የሆም መነሻ ወደ ቀኝ መገፋት አለበት። «ጂፓርትድ» የሚባለው የዲስክ ክፍል ማስተካከያ ይህን ራሱ ይሠራዋል፤ ችግሩ መነሻውን ሲገፋ በውስጡ ያለውን ዳታ በሙሉ ከነበረበት ቦታ ወደ አዲሱ እያነሣ መጻፍ ስላለበት ነው። ይህ ሰዓታት ይፈጃል፤ መሀል ላይ መብራት ቢሄድ ደግሞ ግማሹ የተነሣ፣ ግማሹ ያልተነሣ ክፍል ይዞ መቅረት ነው። ጢስ ዓባይ በ1950ዎቹ ኃይል ማመንጨት የጀመረበት፣ 460 ሜጋዋት የሚያመነጨው ጣና በለስም በ2002 ዓ.ም. የተመረቀበት አካባቢ ነዋሪ ሆኜ፣ መብራት ይሄዳል ብዬ ዕቅዴን መቀየሬ ለራሴም ፈገግ ያሰኘኛል። የላፕቶፔ ባትሪ ግን ከአርባ ደቂቃ በላይ አይዝምና ቀልድ አልነበረም።

ስለዚህ ብልኅ የመሰለኝን መንገድ መረጥኩ። ሆም ውስጥ ያለውን ሁሉ ወደ ኤክስተርናል ዲስክ እቀዳለሁ፤ ሆምን እሰርዛለሁ፤ ሩትን ወደ ተለቀቀው ቦታ እዘረጋለሁ፤ በቀረው ላይ አዲስ ሆም ፎርማት አድርጌ ዕቃዬን እመልሳለሁ። ቅጂ በመሀል ቢቋረጥ ዋናው ቦታው ላይ አለ፤ መልሶ መጀመር ነው እንጂ የሚጠፋ ነገር የለም። ይህ ስሌት ልክ ነበር። ቅዳሜ ማታ ስቀዳ መብራት አንዴ ሄዶ ለሃያ ደቂቃ ያህል ቆይቶ መጣ፤ አንድም ፋይል አልተጎዳም። በራሴ ኮራሁ። በሬ ሆይ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ የተባለው እንደኔ ላለው ነው።

ገደሉ ሁለት ቦታ ላይ ነበር። አንደኛው ትእዛዙ ነው። ከሚንት መጫኛ ፍላሽ ላይ አስነሥቼ፣ ጥቁሩን መስኮት ከፍቼ፣ «ሱዶ» ብዬ በሩት ሥልጣን «ሲፒ» የሚባለውን የመቅጃ ትእዛዝ «አር» ከምትለው ምልክት ጋር ጻፍኩ። «አር» ማለት ፎልደሩን ከነውስጡ ቅዳ ማለት ነው፤ ከዚያ በላይ አታደርግም። «ኤ» የምትለዋን ምልክት በቦታዋ ብጽፍ ኖሮ የፋይሉን ባለቤት፣ የፋይሉን ፈቃድና የፋይሉን ቀን አብራ ለማስተላለፍ ትሞክር ነበር። ልዩነቱ የአንዲት ፊደል ነው። ሁለተኛው ገደል ኤክስተርናሉ ራሱ ነው። በየኅትመት ቤቱ ዊንዶውስ ላይም እንዲከፈትልኝ ብዬ «ኤክስፋት» አድርጌ ፎርማት አድርጌው ነበር። ማይክሮሶፍት በ2006 እ.ኤ.አ. ያወጣው ይህ አሠራር ለፍላሽና ለካሜራ ካርድ የታሰበ ነው፤ የካሜራ ካርድ ደግሞ ባለቤቱ የያዘው ሰው ስለሆነ «ይህ ፋይል የማን ነው?» ለሚለው ጥያቄ መልስ የሚጻፍበት ቦታ እንኳ የለውም። ስለዚህ ትክክለኛዋን ፊደል ብጽፍም ባለቤትነቱ እዚያ ዲስክ ላይ ሲደርስ መፍሰሱ አይቀርም ነበር። ሲቀዳ ጥቂት መስመሮች «አልተፈቀደም» እያሉ ሲያልፉ አይቻለሁ። «የማይረባ ጊዜያዊ ፋይል ይሆናል» ብዬ አለፍኳቸው።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ክፍሎቹን አስተካከልኩ፤ ያ ክፍል ሩብ ሰዓት አልፈጀም። ከሰዓት በኋላ ዕቃዬን መለስኩ። ፍላሹን ነቅዬ ኮምፒውተሩን ሳስነሣው አንድ መስመር ላይ ቆሞ እስከ አንድ ደቂቃ ከሠላሳ ሰከንድ መቁጠር ጀመረ፤ ጨርሶም ወደ ድንገተኛ ሁኔታ ገብቻለሁ ብሎ ጥቁር ስክሪን ላይ ቆመ።

ይህኛው ብልሽት አላስደነገጠኝም፤ ምክንያቱም ተናግሮ ነው የቆመው። ሊኑክስ እያንዳንዱን ክፍል የሚያውቀው ፎርማት ሲደረግ በሚሰጠው መለያ ነው፤ 32 ፊደልና ቁጥር፣ በመካከላቸው አራት ሰረዝ። ክፍሉን ብታሰፋው ወይም ብታጠበው መለያው አይለወጥም፤ እኔ ግን ሰርዤ አዲስ ስለሠራሁ አዲስ መለያ ወጣለት። ሲስተሙ ሲነሣ የሚያነበው «ኤፍኤስታብ» የሚባል የጽሑፍ ፋይል ግን የድሮውን መለያ ይዞ፣ የሌለ ዲስክ እየጠበቀ ነበር። በፍላሹ ተመልሼ ገብቼ አዲሱን መለያ ባገለገለ ደረሰኝ ጀርባ ላይ በእስክሪብቶ ገለበጥኩ፤ ከዚያ ኮፒ ማድረግ እንደሚቻል ትዝ ሲለኝ በራሴ ሳቅሁ። አንዷን መስመር ቀይሬ አስነሣሁት። ያ መልከ መልካም መግቢያ ገጽ ስሜን ይዞ ብቅ ሲል «ተመስገን» አልኩ። ከዚያ በኋላ የሆነው መግቢያዬ ላይ የነገርኳችሁ ነው።

በዚያ ሰዓት የተደወለለት አንድ የፖሊ ግቢ ልጅ ነው፤ ኮምፒውተር ይጠግናል፣ እኔም ጥራዝ ስለምሠራለት ሌሊትም ቢሆን ያነሣልኛል። «ጋሼ፣ ፓስወርዱን ረስተውት ይሆናላ» አለኝ በእንቅልፍ ድምፅ። እንዳልረሳሁ ነገርኩት። «እንግዲያው የግራፊክስ ድራይቨሩ ነው፤ አጥፍተው ድጋሚ ይጫኑት» አለኝ። ድጋሚ ለመጫን ኢንተርኔት ያስፈልግ ነበር፤ ቤቴ ደግሞ በዚያ ሰዓት ኔትወርክ አልነበረም። ይህ አጋጣሚ ከብዙ ጣጣ አዳነኝ፤ ኢንተርኔት ቢኖር ኖሮ እስኪነጋ ድረስ ያልተበላሸ ነገር ስነቅል ስተክል አድር ነበር። ልጁን አመስግኜ ስልኩን ዘጋሁና ሻይ አፈላሁ።

ሻዩ እስኪፈላ ነገሩን በአእምሮዬ ከፋፈልኩት። በመጀመሪያ ሆን ብዬ የተሳሳተ የይለፍ ቃል ጻፍኩ፤ ወዲያው «ትክክል አይደለም» አለኝ። እንግዲህ ትክክለኛውን ስጽፍ ዝም ብሎ ወደ ኋላ የሚመልሰኝ ከሆነ፣ የይለፍ ቃሌን ተቀብሏል ማለት ነው። የተሰናከልኩት ደፉን ካለፍኩ በኋላ፣ ከበሩና ከሳሎኑ መካከል ነው። ቀጥሎ «ኮንትሮል»ን፣ «አልት»ንና «ኤፍ 3»ን አብሬ ተጫንኩ። ሊኑክስ ከሚያምረው ገጽ ጀርባ እንዲህ ያሉ የጽሑፍ መግቢያዎች አሉት፤ ሥዕል የለ፣ አይጥ የለ፣ ነጭ ፊደል በጥቁር መደብ ብቻ። ስሜን ጻፍኩ፣ የይለፍ ቃሌን ጻፍኩ፣ ያለ ምንም ማንገራገር አስገባኝ።

ይህ ብዙ ነገር ይነግራል። ስሜ አለ፣ የይለፍ ቃሌ ልክ ነው፣ ሆምም ተገኝቷል፤ ባይገኝ ኖሮ «ቤት የለህም» የሚል መስመር ያሳየኝ ነበር። ከዚያ ቦታው ሞልቶ እንደሆነ አየሁ፤ ምክንያቱም መግቢያ ገጹ እንዲህ የሚያዞረው ብዙ ጊዜ ዲስክ ሲሞላ ነው። ሩት ግማሹም አልተያዘም፣ ሆምም ባዶ ቦታ ነበረው። ጊዜያዊ ፋይሎች የሚጻፉበት ፎልደርም ፈቃዱ ለሁሉም ክፍት ነበር። ከዚያ ለሙከራ ብዬ «አድዩዘር» በሚባለው ትእዛዝ ሌላ ተጠቃሚ፣ «ሙከራ» ብዬ ስም ሰጥቼ ፈጠርኩ፤ ወደ ሥዕሉ ገጽ ተመልሼ በእርሱ ስም ብሞክር ዴስክቶፑ ከነጀርባ ሥዕሉ ወለል ብሎ ተከፈተ። ከአምስት ደቂቃ በፊት የተወለደው እንግዳ ሳሎን ተቀምጧል፤ የቤቱ አባወራ ደጅ ቆሟል። ግራፊክሱም ድራይቨሩም ጤነኛ ናቸው ማለት ነው። ጥፋቱ ያለው የእኔ ፎልደር ውስጥ ነው።

ወደ ጥቁሩ ስክሪን ተመልሼ በፎልደሬ ውስጥ ያለውን ሁሉ፣ የተደበቀውንም ጨምሮ፣ በዝርዝር እንዲያሳየኝ አዘዝኩ። ያን ዝርዝር አሁንም ዓይኔን ስጨፍን አየዋለሁ። በእያንዳንዱ መስመር ላይ የእኔ ስም መሆን በሚገባው ቦታ «ሩት»፣ «ሩት» ይላል፤ ከላይ እስከ ታች። ከእርሱ በስተቀኝ ደግሞ ቀኑ አለ፤ ሁሉም የዚያው እሑድ፣ ሁሉም ከሰዓት በኋላ። የ2011 ዓ.ም. ተመራቂዎች ሥራ እሑድ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል፤ የእኅቴ የሠርግ ፎቶ እሑድ ዘጠኝ ሰዓት ከአርባ፤ የመጀመሪያው የሱቅ ኪራይ ውል እሑድ አሥር ሰዓት። በአንድ ከሰዓት በኋላ የተፈጠረ ዓለም ይመስል ነበር። በመጀመሪያ ያመመኝ ቀኑ ነው፤ ባለቤትነቱን ከዚያ በኋላ ነው ያሰብኩት።

የባለቤትነቱ ነገር እንዲህ ነው። ዲስኩ ላይ የሚጻፈው ስም አይደለም፣ ቁጥር ነው። የሩት ቁጥር 0 ነው፤ እንደ ሚንት ባሉት ላይ በመጀመሪያ የሚመዘገበው ተጠቃሚ ቁጥር 1000 ነው፤ እኔ 1000 ነኝ። በሩት ሥልጣን ስቀዳ አዲሱን ፋይል የፈጠረው 0 ነውና ባለቤቱም 0 ሆነ። 1000 ማንበብ ይችላል፣ መጻፍ አይችልም። በጥቁሩ ስክሪን ለመግባት ደግሞ ምንም መጻፍ አያስፈልግም፤ ለዚህ ነው ያለ ችግር ያስገባኝ። ሥዕላዊው መግቢያ ግን ዴስክቶፑን ከመክፈቱ በፊት በተጠቃሚው ፎልደር ውስጥ «ኤክስ ኦቶሪቲ» የምትባል ትንሽ የተደበቀች ፋይል ይጽፋል። ቁልፍ በላት፤ ስክሪኑ ላይ መሣል የሚፈልግ ፕሮግራም ሁሉ እርሷን ማሳየት አለበት። ቁልፏን የሚጽፈው በእኔ ሥልጣን ነው፤ እኔ ደግሞ በገዛ ቤቴ መጻፍ ተከልክያለሁ። ስለዚህ ሁለት ሰከንድ ይሞክራል፣ ይወድቃል፣ ወደ መጀመሪያው ገጽ ይመለሳል።

በኋላ የመግቢያ ፕሮግራሙን መዝገብ ከፍቼ ሳነብ፣ ጉዳዩ በግልጽ ቋንቋ ተጽፎ አገኘሁት፤ የፈቃድ ፋይሏን መክፈት አልቻልኩም፣ ፈቃድ የለም ይላል። በሞከርኩ ቁጥር አንድ መስመር ጽፏል፤ የሞከርኩበትን ብዛት ከዚያ መቁጠር ይቻላል። ያ ሌሊት ያናደደኝ ነገር ቢኖር ይሄ ነው። ማሽኑ ምክንያቱን ያውቃል፤ ጽፎም አስቀምጧል፤ ፊት ለፊቱ ለተቀመጠው ሰው ግን አይናገርም። መግቢያውን ያሳመሩት ሰዎች ለጀርባ ሥዕሉ የሰጡትን ትኩረት ሩቡን ለአንዲት መስመር ማስታወቂያ ቢሰጧት እኔ በሁለት ሰዓት ላይ እተኛ ነበር። ቁጣ ነው ብላችሁ እለፉት፤ ግን አሁንም እንደዚያው አስባለሁ።

ጣና ዳር ያደገ ሰው ስለ ባለቤትነት ሲያስብ ብራና ትዝ ይለዋል። በደሴቶቹ ገዳማት ካሉት መጻሕፍት በብዙዎቹ ላይ ያጻፈው ሰው ስምና ለጸሐፊው የሚደረግ ጸሎት ይገኛል፤ መጽሐፉ በሽያጭ ወይም በሌላ መንገድ እጅ ሲቀይር የቀድሞው ስም በቢላ እየተፋቀ የአዲሱ ባለቤት ስም ይገባበታል። የተፋቀው ቦታ ግን ሻካራ ሆኖ ይቀራል፤ ብርሃን ላይ ለሚያየው ሰው «እዚህ ሌላ ሰው ነበረ» ይላል። የእኔ ዲስክ ላይ 1000 ተፍቆ 0 ሲገባ ሻካራ ቦታ አልቀረም። ቀኖቹም እንዲሁ። የገለበጠ ደብተራ አንዳንዴ የድሮውን ቀን ከጽሑፉ ጋር ይገለብጠው ነበር፤ እኔ ትቼው መጣሁ።

መፍትሔው አንድ መስመር ነበር። «ቾውን» የሚባለው ባለቤት የመቀየሪያ ትእዛዝ፣ ከነውስጡ የሚል ምልክት፣ የእኔ ስም፣ ከዚያ የፎልደሬ አድራሻ። አድራሻውን ሦስት ጊዜ አነበብኩት፤ ይህ ትእዛዝ በስህተት ከሲስተሙ ሥር ቢጀምር የሁሉንም ፋይል ባለቤት እኔን ያደርግና ከመጀመሪያው የባሰ መዘዝ ያመጣል። «ኢንተር» ተጫንኩ፤ ምንም ሳይናገር ለአንድ ደቂቃ ያህል ሠራና ጨረሰ። ወደ መግቢያው ገጽ ተመለስኩ፣ የይለፍ ቃሌን ጻፍኩ፣ ስክሪኑ ጠቆረ፣ ከዚያም ዴስክቶፔ ተከፈተ። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ሆኖ ነበር።

ትርፍራፊው ለሳምንት አልለቀቀኝም። ኤክስፋት ስለ ፈቃድም ስለማያውቅ ፋይሉ ሁሉ ፕሮግራም ነኝ የሚል ምልክት ይዞ ተመልሶ ነበር፤ ተራ የጽሑፍ ፋይል በከፈትኩ ቁጥር «ላስኪደው ወይስ ላሳይህ?» ይለኛል። የፋይሎቹን ፈቃድ ለብቻ፣ የፎልደሮቹን ለብቻ እየለየሁ አስተካከልኩ። ያ ሁሉ ይስተካከላል። ቀኑ ግን የሚመለስበት ትእዛዝ የለውም።

ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ሱቁን ስከፍት አንዲት የፔዳ ተማሪ በር ላይ ቆማ አገኘኋት። ሥራዋ በጣና ላይ ስለተንሰራፋው እንቦጭ ነው፤ ጥሩ ሥራ ነው፣ ስተይበው እኔም ብዙ ተምሬበታለሁ። «ጋሼ፣ አራት ሰዓት ላይ ማስገባት አለብኝ፤ አማካሪዬ ሐሙስ ያረመልኝን ነው የሚያትሙልኝ» አለች። ፎልደሯን ከፈትኩ። ሰባት ፋይል፤ ሰባቱም እሑድ፣ ሰባቱም በዚያው ደቂቃ። በቀን አሰልፍ ብለው የሚሰለፍ ነገር የለም።

«አይዞሽ፣ ቁጭ በይ» አልኳት፤ እኔ ግን አልተረጋጋሁም። ከዚያ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። የቃላት ማቀናበሪያ ፋይል ከውጭ ከሚለጠፍበት ቀን ሌላ በሆዱ ውስጥ የራሱን ማስታወሻ ይይዛል፤ መቼ እንደተፈጠረ፣ መጨረሻ መቼ እንደታረመ። ይህ የፋይሉ ይዘት ስለሆነ በስንት ዲስክ ቢዘዋወር አይነካም። እያንዳንዱን በሊብሬኦፊስ ከፍቼ፣ ከፋይል ማውጫው «ፕሮፐርቲስ» የሚለውን እየተጫንኩ፣ የታረመበትን ቀን እያነበብኩላት በወረቀት ትመዘግብ ጀመር። ስድስተኛው ላይ ሐሙስ ማታ አንድ ሰዓት ተኩል የሚል መጣ፤ የፋይሉ ስም «ፋይናል አንድ» ነው። «ይሄ የመጀመሪያው አይደል እንዴ?» አለች። ከፍተን የአማካሪዋን እርማት ሦስት ቦታ አመሳከርን፤ እርሱ ነው። ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ጠርዤ ሰጠኋት። በባጃጅ ሄደች።

ፎቶዎቹም እንደዚሁ ተረፉ፤ ካሜራውና ስልኩ ቀኑን ፎቶው ውስጥ ስለሚጽፉት። አሁን ሆሜን የምቀዳው «ታር» በሚባለው ማሸጊያ ነው። የተወለደው በ1979 እ.ኤ.አ. ለቴፕ ክር ነው፤ የፋይሉን ባለቤት፣ ፈቃድና ቀን በራሱ ጥቅል ውስጥ ስለሚጽፍ ጥቅሉ ኤክስፋት ላይ ቢቀመጥ ግድ አይሰጠውም፤ ዲስኩ የሚያየው አንድ ትልቅ ፋይል ብቻ ነው። ለፖሊው ልጅ ይህን ስነግረው «ጋሼ፣ ይሄንን እኛ ሁለተኛ ዓመት ላይ ነው የተማርነው» ብሎ ሳቀብኝ። «ታዲያ ያን ሌሊት ለምን አልነገርከኝም?» አልኩት። «እንቅልፍ ላይ ነበርኳ!»

በሆዳቸው ቀን የማይዙ ጥቂት ፋይሎች ግን ቀሩ፤ ተራ የጽሑፍ ፋይሎች ናቸው። ከእነርሱ አንዷ አባቴ ሳያርፉ እስከ ሰባት ቤት የቆጠሩልኝን የዘር ሐረግ የጻፍኩባት ናት። እርሳቸው እየተናገሩ እኔ እየተየብኩ፣ በአንድ ማታ የተጻፈች፤ ቀን አልጻፍኩባትም፣ ከስሟ አጠገብ አለ ብዬ ነበርና። ዳንግላ ላለችው እናቴ ደወልኩ።

«እማዬ፣ አባዬ ዘር የቆጠሩልኝ መቼ ነበር?»

«ምን ልታደርገው?» አለችኝ መጀመሪያ። ከዚያ ጥቂት ዝም ብላ፣ «ያነ ሰኔ ሚካኤል ነው እንጂ፤ ዝናብ ይዞህ እኛ ዘንድ ያደርህ ለታ። እኅትህን በዳርን በዓመቱ» አለች።

እኅቴ የተዳረችው ጥር 2009 ዓ.ም. ነው። ፋይሏን ከፈትኩና ከአባቴ ስም በላይ አንድ መስመር ጨመርኩ፤ «ሰኔ 12 ቀን 2010 ዓ.ም. ማታ፣ ከአባቴ አፍ።» አስቀምጬ ስዘጋት ከስሟ አጠገብ ያለው ቀን የዚያን ዕለት ሆነ።